«በጀት የለም» ስለሚባለው የደሴ ጎርፍ፦ ብሩ መቼ እንደሚጠየቅና የት እንደሚገባ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ "ቤታችን ደሴ ከጦሳ ተራራ ስር ነው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ግቢያችን ይገባል፣ ባለፈው ነሐሴ እንደውም ቤት ውስጥ ገብቶ የናቴን ጤፍ ከነማዳበሪያው አበላሸው። ቀበሌ ስንሄድ በጀት የለም ይሉናል፣ ግን በየአመቱ ቦይ ሲቆፈር፣ ኮብልስቶን ሲነጠፍ እናያለን። ብሩ የት ነው ሚገባው? መንግስት ጎርፍ መከላከልን እንዴት ነው ሚያቅደው? እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን?"

ወንድሜ መጀመሪያ አይዟችሁ፣ እናትህንም እግዜር ያበርታልኝ። እኔ ሲቪል መሃንዲስ ነኝ፣ ብዙውን እድሜዬን የፈጀሁት በከተማ መንገድና በጎርፍ ማስወገጃ ስራ ላይ ነው፣ ከቢሮም ሆኜ ከሳይትም ሆኜ አይቸዋለሁ። ረዘም አድርጌ ነው ምመልስልህ ምክንያቱም ባጭር ከመለስኩልህ ያው "ለቀበሌ አመልክቱ" ከማለት አይዘልም፣ እሱን ደግሞ አድርጋችሁታል።

ነሐሴ ላይ ሄደህ በጀት የለም ያሉህ ሰዎች ብዙ ጊዜ እየዋሹህ አይደለም። የኛ የበጀት አመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፣ የወሎ ክረምት ደግሞ ዋናውን ዝናብ ሚያወርደው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። አስበው እስቲ፣ አዲሱ በጀት በምክር ቤት ጸድቆ ገና ወደየጽ/ቤቱ ሳይከፋፈል ጎርፉ መጥቷል። ነሐሴ ላይ ያመለከትከው ነገር በዛ አመት እቅድ ውስጥ የለም፣ እቅዱ ካለፈው ጥርና የካቲት ጀምሮ ሲሰራ ነበር ያለቀው። ስለዚህ ጎርፉ ቤትህ በገባ ሰሞን ምትጠይቀው ብር ወይ ከመጠባበቂያ መምጣት አለበት ወይ ለሚቀጥለው አመት መያዝ አለበት፣ መጠባበቂያ ደግሞ ሚወጣው ባብዛኛው ለብርድ ልብስ፣ ለእህልና ለድንኳን ነው እንጂ ቦይ ለመስራት አይደለም። እኔ በስራ ዘመኔ ያየሁት ትልቁ ችግር ይሄ ነው፣ ከብሩ ማነስ በላይ ብሩ ሚመጣበት ወር ነው ሚጎዳን።

ቀጥሎ ያለውንም ልንገርህ። በሐምሌ የጸደቀው ካፒታል በጀት (የግንባታው ብር ማለት ነው) መስከረም ጥቅምት ላይ ወደ ስራ ይገባል ይባላል፣ ግን ዲዛይን ካልተሰራ ዲዛይን ይጠበቃል፣ ከዛ ጨረታ ይወጣል፣ ይገመገማል፣ ቅሬታ ይቀርባል፣ ውል እስኪፈረም ሶስት አራት ወር ያልፋል። ኮንትራክተሩ ሳይት ሲረከብ ጥር ወይ የካቲት ሆኗል፣ ድንጋይና አሸዋ አቅርቦ ቁፋሮ ሲጀምር የበልጉ ዝናብ ይመጣል (እኛ ጋ በልግ ቀልድ አይደለም ታውቀዋለህ)፣ ስራው ይቆማል፣ ግንቦት ላይ እንደገና ይጀመራል፣ ከዛ ሰኔ 30 ስለቀረበ ብሩ ተመላሽ እንዳይሆን ሁሉም ይሯሯጣል። ሰኔ አጋማሽ ላይ በጥድፊያ የተገነባ ግንብ በቂ ውሃ ሳይጠጣ፣ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ሐምሌ ላይ ዋናውን ጎርፍ ይቀበላል። ኮንክሪት የታሰበለትን ጥንካሬ አገኘ ሚባለው በ28 ቀኑ ነው፣ የግንብ ሞርታርም ቢሆን በደንብ ውሃ እየተረጨ መቆየት አለበት። አንድ ከተማ ላይ (ስሙ ይቅር) ሰኔ መጨረሻ ላይ ርክክብ ልናደርግ ሄደን የቦዩን ግድግዳ መጋጠሚያ በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ጥሬ አፈር ተፈረፈረ። አልረከብም አልኩ፣ ክፍያው ግን በጀት ሊዘጋ ነው ተብሎ ተከፈለ። ሐምሌ 20 ገደማ ሃያ ሜትር ሚሆነው ግንብ ተንዶ ወርዶ ከታች ያለ ቱቦ አፍ ላይ ተከምሮ አገኘሁት፣ ውሃው ዞሮ ሰው ቤት ገብቷል። እስከዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ብሩ ከየት ነው ሚመጣው ላልከው። ከተማ ሁለት አይነት ስራ አለው፣ መንግስታዊ ሚባለው (ትምህርት፣ ጤና ወዘተ) ከክልል በሚመጣ ድጎማና በመደበኛ ገቢ ይሸፈናል፣ ማዘጋጃ ቤታዊ ሚባለው ደግሞ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ ደረቅ ቆሻሻ፣ መብራት... ይሄ ከተማው ራሱ በሚሰበስበው ገቢ ነው፣ ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይ፣ ከአገልግሎት ክፍያ። ቦያችሁ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ስለዚህ የመሬት ገበያው ሲቀዘቅዝ የቦይ ብርም አብሮ ይቀዘቅዛል። ከዚህ በተጨማሪ በ2010 የጀመረው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም (ዩአይአይዲፒ እያሉ ሚጠሩት) ነበር፣ የአለም ባንክ 600 ሚሊዮን ዶላር የመደበለት 117 ከተሞችን ሚያቅፍ፣ ደሴም ኮምቦልቻም ያሉበት። ያየሃቸው ኮብልስቶኖችና ቦዮች ብዙዎቹ በዚህና ከሱ በፊት በነበረው ፕሮግራም የተሰሩ ናቸው። የዚህ ፕሮግራም ጥሩ ነገሩ ብሩ በአመታዊ ምዘና ነበር ሚለቀቀው፣ ከተማው የሶስት አመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ፕላን አዘጋጅቶ በየአመቱ እየከለሰ፣ ህዝብ አወያይቶ፣ የንብረት አያያዝ እቅድ ኖሮት ነበር ሚመዘነው። ይሄን የሶስት አመት ፕላን ስሙን ያዘው፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቦዩ እንግባ፣ እዚህ ጋ ነው እኔ ዝም ማለት ማልችለው።

ሰው አዲስ ግንብ ሲሰራ ደስ ይለዋል፣ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል። ጠረጋ ግን ማንም አይመርቀውም። ሂሳቡን ግን ተመልከተው፦ 80 ሴንቲ ስፋት 80 ሴንቲ ጥልቀት ያለው በድንጋይ የተገነባ ቦይ፣ በ100 ሜትር 2 ሜትር ሚወርድ ተዳፋት ላይ፣ ንጹህ ሲሆን ሞልቶ በሰከንድ ወደ 1.9 ሜትር ኩብ ያሳልፋል፣ በበርሜል ብታስበው በሰከንድ 9 ተኩል በርሜል በለው። ይሄ ቦይ ግማሹ ደለል ከሞላው ሰው ሚያስበው ግማሹን ያሳልፋል ብሎ ነው፣ አይደለም፣ ውሃው ከግድግዳና ከወለል ጋር ሚፋተግበት ድርሻ ስለሚጨምር ፍጥነቱም አብሮ ይወርዳል፣ 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ሚቀረው፣ 4 በርሜል እንኳ በቅጡ አይሞላም። ማለትም ብዙ ብር የወጣበት ቦይ በሁለት ሰው አካፋ ባለመነካቱ ብቻ ከግማሽ በላይ አቅሙን አጥቶ ሐምሌን ይቀበላል። አዲስ ቦይ ግን ካፒታል በጀት ነው፣ ጠረጋ መደበኛ በጀት ነው፣ መደበኛው ደግሞ ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ለነዳጅና ለአካፋ ሚተርፈው ትንሽ ነው። ለዚህ ነው ቦዩ ሲሰራ እያየህ ጎርፉ ሚመጣብህ።

አንድ ጊዜ መንገድ አቋርጦ ሚያልፍ ካልቨርት ውስጥ ባትሪ ይዤ ገብቼ ነበር። ሰዉ በየአመቱ "ቱቦው ጠባብ ነው ቀይሩልን" እያለ ያመለክትበት የነበረ ነው፣ ለመቀየርም ግምት ተሰርቶለት ነበር። ስገባ ቱቦው መሀል ላይ የውሃ መስመር ሁለት ቧንቧ ጎን ለጎን አቋርጦታል፣ አንዱ መስሪያ ቤት ያንዱን ሳያይ በስቶ ያሳለፈው ማለት ነው። እነዛ ቧንቧዎች ላይ የጫት ገረባ፣ ፌስታል፣ ሀይላንድ፣ አሮጌ ፍራሽ ተጠምጥሞ ቆሟል፣ ከኋላው ደለል እስከ ደረቴ። የቱቦው ስፋት ምንም ችግር አልነበረበትም፣ ሚያስፈልገው ቧንቧውን ማዞርና ማጽዳት ነበር። ከዛን ቀን ወዲህ "ቱቦው ጠባብ ነው" ሲሉኝ መጀመሪያ ገብቼ ሳላይ ዲዛይን አልነካም።

ቦዩ ለምን አይችልም ለሚለው ሌላኛው መልስ ደግሞ የሰፈሩ መለወጥ ነው። ከጦሳ በኩል ያለው ተዳፋት ድሮ ሳርና ቁጥቋጦ የነበረ ጊዜ ከዘነበው ሲሶውን ገደማ ነበር ወደ ታች ሚለቀው እንበል፣ አሁን ቆርቆሮና ኮብልስቶን ሲሆን ሁለት ሶስተኛውን ይለቃል። ለምሳሌ 40 ሄክታር ሚሆን ተዳፋት ላይ በሰአት 60 ሚሊ ሜትር በሆነ ፍጥነት ዝናብ ቢወርድ፣ በድሮው 2.2 ሜትር ኩብ በሰከንድ ነበር ሚመጣው፣ ባሁኑ 4.4 ይሆናል። ዝናቡ ያው፣ ቦዩም ያው፣ ውሃው ግን እጥፍ። ኮብልስቶኑ ራሱ ጥሩ ነገር ሆኖ ሳለ አንዳንድ ቦታ ከሰው ደጃፍ ከፍ ተደርጎ ስለሚነጠፍና የጎን ቦዩ "ለሚቀጥለው ዙር" ስለሚባል መንገዱ ራሱ ቦይ ሆኖ ውሃውን ወደ ግቢ ያስገባዋል። እናትህ ግቢ የገባው ከዚህ አይነት መሆኑን በቀላሉ ታውቀዋለህ፣ ውሃው ሚገባው በበር በኩል ከመንገዱ ከሆነ የንጣፉ ከፍታ ነው፣ ከጓሮ ከላይ ከሆነ ደግሞ የተራራው ነው።

የተራራው ከሆነ ታች ያለውን ቦይ ማስፋት ብቻውን አያድናችሁም። ከጦሳ ሚወርደው ጎርፍ ውሃ ብቻ አይደለም፣ ድንጋይና አፈር ይዞ ነው ሚመጣው፣ በአንድ ከባድ ዝናብ የተጠረገን ቦይ መልሶ ይሞላዋል። ስራው ከላይ ከተራራው ነው፦ እርከን፣ የድንጋይ ክትር፣ ጋቢዮን (በሽቦ ቀፎ የታሰረ ድንጋይ)፣ ከሰፈሩ ራስጌ ውሃውን ቀልብሶ ወደ ተፈጥሮ ወንዙ ሚወስድ መቀልበሻ ቦይ። ባህር ዛፍ ስላለ ተራራው ተሸፍኗል እንዳትል፣ ብዙ ቦታ ከስሩ ሳር ስለማይበቅል አፈሩ ራቁቱን ነው። እዚህ ጋ ግን የመንግስት አሰራር ይሰነጠቃል። ከላይ ያለው ተዳፋት የተወሰነው በደሴ ዙሪያ ወረዳ ስር ነው፣ እርከን ሚሰራው ግብርናው ነው፣ ቦይ ሚሰራው ከተማው ነው፣ የአስፋልቱ ካልቨርት ደግሞ የፌዴራሉ የመንገዶች አስተዳደር ንብረት ስለሆነ ከተማው በራሱ ፈቃድ ሊያሰፋው አይችልም። አንድ ጎርፍ በሶስት መስሪያ ቤት በጀት ውስጥ ያልፋል፣ ሶስቱ አንድ ወረቀት ላይ ካልተፈራረሙ አንዱ የሰራውን አንዱ ያፈርሰዋል።

ይሄ ነገር ወደ ኮምቦልቻም ይወርዳል። የቦርከና ወንዝ ከናንተ ተነስቶ በዶሮ መዝለያ ገደል አርጎ ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነው ኮምቦልቻ ሚደርሰው። ደሴ ቦዮቿን ሁሉ ለስላሳ ኮንክሪት አድርጋ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ብትለቅ የቦርከና ዳር ሰፈሮች በአጭር ጊዜ ከፍ ያለ ውሃ ይደርሳቸዋል፣ እነሱ ራሳቸው ደግሞ ከለዮሌና ከወርቃ ወንዞች ሚመጣ አላቸው። የድሬዳዋን አትርሳ፣ በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ከ250 በላይ ሰው ነው የሞተው፣ ከተማው ላይ ሳይሆን ከላይ ደጋው ላይ በዘነበ። ስለዚህ ደሴ ሲዘንብ ለኮምቦልቻ ስልክ ሚደውል ሰው፣ ተረኛ፣ ቁጥሩ ሚታወቅ፣ በእቅዱ ውስጥ መኖር አለበት። ይሄ የሲሚንቶ ወጪ የለውም፣ የስልክ ካርድና የሰው ኃላፊነት ብቻ ነው ሚፈልገው፣ አንድ መስመር ሆኖ እቅድ ውስጥ ሲገባ ግን እምብዛም አላየሁም።

ስለ ዲዛይን አንድ ነገር ልጨምር፣ ኮንትራክተርም ባለስልጣንም ሲያሳስቱበት ስላየሁ። "ይሄ ቦይ ለ10 አመት ጎርፍ ነው የተሰራው" ሲባል 10 አመት አይሞላም ማለት አይደለም። በየአመቱ ከአቅሙ በላይ ሚመጣበት እድል 10 በመቶ ነው ማለት ነው፣ በአስር አመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ ሚያልፍበት እድል 65 በመቶ ይደርሳል። ለሰፈር የጎን ቦይ ይሄ ያስኬዳል፣ ሚያልፈው ውሃ ቁርጭምጭሚት ከሆነ። ግን ሲሞላ ውሃው የት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ በዲዛይኑ ላይ መልስ ሊኖረው ይገባል፣ መንገድ ላይ ይፍሰስ ወይስ ሰው ቤት ይግባ። ይሄን ጥያቄ በህዝብ ውይይት ላይ ብትጠይቁ መሃንዲሱ መመለስ አለበት።

ቦታውን ስለመልቀቅ ደግሞ፣ ከባድ ጉዳይ ነው ግን ላልፈው አልችልም። በከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን ለ10 አመት ነው ሚያገለግለው፣ እሱ ላይ የወንዝና የጎርፍ መስመር ተብሎ በአረንጓዴ የተከለለ ቦታ ላይ ቤት ካለ ቦይ ሳይሆን ተነስቶ መስፈር ሊሆን ይችላል መፍትሄው። ያ ከሆነ ህጋዊ ይዞታ ላለው ሰው በአዋጅ 1161/2011 ካሳ መከፈል ያለበት ከመነሳቱ በፊት ነው፣ ለካሳው ደግሞ በጀት ቀድሞ መያዝ አለበት። ሰነድ የሌላቸው ጎረቤቶቻችሁ ናቸው እዚህ ላይ ሚጎዱት፣ ስለነሱ በውይይቱ ላይ የምትናገሩላቸው እናንተ ናችሁ። ተዳፋቱ ላይ መሬት ሲሰነጠቅ፣ ግድግዳ ሲያዘም ወይ ዛፍ ሲጋደል ካያችሁ ግን በጀትም ውይይትም አትጠብቁ፣ ውጡ። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ላይ መሬት ሲንሸራተት መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሄዱት ሰዎች ላይ ሁለተኛው ወርዶባቸው ነው ያን ያህል ሰው ያለቀው፣ ስለዚህ ከወጣችሁ በኋላ ለእቃ ብላችሁ አትመለሱ።

እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ። ብቻህን አትሂድ፣ የሰፈራችሁን ቅሬ (እድር) ይዘህ ሂድ። ቅሬው ዳኛ አለው፣ አባላት አሉት፣ ማህተም ካለውማ በጣም ጥሩ፣ አንድ ሰው ያመለከተውና ሁለት መቶ አባወራ ያመለከተው እኩል አይታይም። አሁን ግድግዳችሁ ላይ የጎርፉ ምልክት ሳይጠፋ በሜትር ለክታችሁ በቀለም አስምሩበት፣ ቀኑንና ሰአቱን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ። ይሄ ለኛ ለመሃንዲሶች ወርቅ ነው፣ ሰፈር ለሰፈር የዝናብ መለኪያ በሌለበት አገር ግድግዳ ላይ ያለ መስመር ነው ሂሳባችንን ሚያስተካክልልን። ጥቅምት ላይ መሬቱ ሲደርቅ የከተማውን መሠረተ ልማት ባለሙያ ለምናችሁም ቢሆን ሳይቱ ድረስ ውሰዱት፣ ከላይ ከተራራው እስከ ወንዙ አብራችሁ ሂዱ፣ የትኛው ግብርናው፣ የትኛው ከተማው፣ የትኛው የመንገዶች እንደሆነ እዛው ለዩት።

ማመልከቻውን ታህሳስ ላይ አስገቡ፣ "ጎርፍ አስቸገረን" ብላችሁ ሳይሆን "በሶስት አመቱ የካፒታል ኢንቨስትመንት ፕላን ክለሳ ላይ ይካተትልን" ብላችሁ፣ ግልባጭ ለምክር ቤቱና ለገንዘብ ጽ/ቤት። የተቀበሉበትን ቁጥርና ቀን ያዙ። ጥር ላይ የተፋሰስ ስራ በየአመቱ በዘመቻ ይወጣል፣ ያኔ ወረዳውና ግብርናው ህዝቡን ይዞ እርከን ሚሰራው የት እንደሆነ ሚወሰነው ከዛ በፊት ስለሆነ ከናንተ ራስጌ ያለው ተዳፋት እንዲገባ ቀድማችሁ ጠይቁ። ለጠረጋ ደግሞ የከተማ ሴፍቲኔት አለ (ድሃ ቤተሰቦች የማህበረሰብ ስራ ሰርተው ሚከፈላቸው ፕሮግራም፣ አሁንም መቀጠሉን ጠይቁ)፣ ደሴ ፕሮግራሙ ሲጀመር ከነበሩት 11 ከተሞች አንዷ ናት፣ የቦይ ጠረጋ ከማህበረሰብ ስራዎቹ ውስጥ ስለሆነ ግንቦትና ሰኔ መጀመሪያ ላይ የናንተ መስመር በፕሮግራም እንዲያዝ በጽሁፍ አስይዙ። የተጠረገውን ደለል ቦዩ ዳር ከምረውት ከሄዱ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል፣ መኪና መጥቶ እንዲያነሳው አብራችሁ ጠይቁ፣ ይሄ ሁሌ ሚረሳ ነገር ነው።

ሰኔ ላይ በጀቱ ለምክር ቤት ሲቀርብ የቀበሌያችሁን ተመራጭ ያዙትና አንድ ጥያቄ ብቻ አስጠይቁት፦ ለነባር ቦይ ጥገናና ጠረጋ ስንት ብር ተያዘ? አዲስ ግንባታ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ሳይሆን። መልሱ ዜሮ ወይ "ከሌላ ርዕስ እናካክሳለን" ከሆነ ሐምሌን ከወዲሁ እወቁት፣ የቤታችሁን እህል ከፍ ካለ ቆጥ ላይ አውጡ።

አንተ ግን አሁኑኑ ልታደርገው ሚገባ አንድ ነገር አለ። ከቤታችሁ በላይ ያለውን የቅርቡን ቦይ ስፋቱን፣ ጥልቀቱን፣ የደለሉን ከፍታ በሜትር ለካልኝ፣ ተዳፋቱንም በግምት ሳይሆን ግንበኛ ጎረቤት ካለህ በውሃ ልክ ለክተህ በአስር ሜትር ስንት ሴንቲ እንደሚወርድ ላክልኝ። ሂሳቡን ሰርቼ በሰከንድ ስንት በርሜል እንደሚችልና ስንት እንደሚመጣበት ከማመልከቻችሁ ጋር ሊያያዝ በሚችል አንድ ገጽ ጽፌ እሰጥሃለሁ፣ ክፍያ የለውም።